እግር ቆስሎ ሲያብጥ፦ ዳሩን አስምሩ፣ ሰዓቱን ጻፉ

እሾህ ወይም ማረሻ የወጋው እግር ቢያብጥ ብዙውን ጊዜ በአንቲባዮቲክ ይድናል። የሚያስፈራው ጡንቻን የሸፈነውን ስስ ሽፋን እየበላ ከቆዳ ስር የሚዛመተው ኢንፌክሽን ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ከቁርጭምጭሚት ጉልበት ሊደርስ ይችላል።

ለመለየት የእብጠቱን ዳር ዙሪያውን በእስክርብቶ አስምሩና ሰዓቱን አጠገቡ ጻፉ። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላት በደንብ ስለማይታይ ሙቀቱንና ጥንካሬውን በእጅ ጀርባ ዳስሱ። እብጠቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መስመሩን ካለፈ፣ ቁስሉ ትንሽ ሆኖ ሕመሙ ካላስቀመጠ፣ ቆዳው ከጠቆረ፣ ውኃ ከቋጠረ ወይም ሲጫኑት ከተንኮሻኮሸ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሕመሙ ድንገት ጠፍቶ ቦታው ቢደነዝዝ «ተሻለው» ማለት ያታልላል፤ ነርቩ ሞቶ ሊሆን ይችላል።

እስክትደርሱ ቁስሉን በንጹሕ ውኃ አጥቡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑ፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ አልቦ ካለ አውልቁ። አትሹት፣ አትብጡት፣ ቅጠልም እበትም አታድርጉበት። ጸበል የሚጠጣ ይጠጣ፤ ክፍት ቁስል ግን ብዙ ሰው በሚታጠብበት ውኃ አይነከር። ወጌሻ በቀርከሃ ያሰረው እግር ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ ደም ያጣ ሥጋ ይሞታል።

ጤና ጣቢያ የመጀመሪያውን የአንቲባዮቲክ መርፌና በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ሰጥቶ ሪፈር ይጽፍ፤ ክኒን ይዞ ቤት መመለስ አይበቃም። ቀዶ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል፦ በጎጃም ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ወይም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች። የሞተ ሥጋ ደም ስለማይደርሰው መድኃኒቱም አይደርሰውም፤ ስለዚህ ተቆርጦ ይወጣል። ቁስሉ ክፍት ይተዋል፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደገና ታይቶ ይጸዳል። ቁስሉ ሰፍቶ ሲያዩ ቤተሰብ ይደነግጣል፤ የሚጠበቅ ነው። ሲጸዳ ከጭን ስስ ቆዳ ተነሥቶ ይለጠፍበታል።

«እግሬን አላስቆርጥም» ብሎ ከሆስፒታል መውጣት የባሰውን ያመጣል። ጣት በመቁረጥ ያልቅ የነበረው ከጉልበት በታች፣ ከጉልበት በታች የነበረው ከጉልበት በላይ ይሆናል። ጉልበቱ የተረፈለት ሰው በሰው ሠራሽ እግር መራመድ በጣም ይቀለዋል።

የተረፈ እግርም መገጣጠሚያው ይደርቃል። ሐኪሙ እንደፈቀደ ቁርጭምጭሚትና ጉልበት በየቀኑ ይታጠፉ ይዘርጉ፤ ሽሮ፣ ባቄላና እንቁላል ይብላ፤ የስኳር ምርመራ ይደረግለት። እብጠቱ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል ሲቀመጥ እግሩን ከፍ ያድርግ። ቁስሉ ሲደርቅ እግሩን በየቀኑ በሳሙና ታጥቦ በጣቶቹ መካከል ያድርቅ፣ ቫዝሊን ይቀባ፣ ለእርሻም ቢሆን የተሸፈነ ጫማ ያድርግ።