በበዓል ሰሞን ሙያችሁን በነፃ ስትሰጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የዓመት መጨረሻው (የኖቬምበርና የዲሴምበር) የበዓል ሰሞን ሲቃረብ ብዙ ባለሙያ «ብዙ ገንዘብ ባይኖረኝም ሙያ አለኝ፣ ለአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ልሥራለት» ብሎ ይነሳል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ዌብሳይት የሚሠራው፣ ሂሳብ አዋቂው፣ ጠበቃው፣ ዲዛይነሩ፣ ጽሑፍ የሚያርመው፣ ሁሉም የሚፈለግበት ቦታ አለ። ትንንሽ ድርጅቶች እነዚህን ሙያዎች በገበያ ዋጋ ከፍለው አይችሉትም።

ግን አንድ ነገር ከመጀመሪያው እንነጋገር። እናንተ በነፃ የምትሠሩት ሥራ ለድርጅቱ ነፃ አይደለም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያስረዳችሁ፣ ፋይል ሊፈልግላችሁ፣ የሠራችሁትን ሊያይ፣ ከሄዳችሁ በኋላም ሥራውን ተረክቦ ሊያንቀሳቅሰው ግድ ነው። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሦስት ሰው ሥራ ብቻውን የተሸከመ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ሰው ከመርሳት ነው።

በጭንቅ ሰዓታቸው ትልቅ ሥራ ይዞ መምጣት

እኛ ለመርዳት የምንነሳሳበት ሰሞን ለእነሱ የዓመቱ ሩጫ ነው። በአሜሪካ ታንክስጊቪንግ ከሚባለው የምስጋና በዓል ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ የሚውለውና እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ጊቪንግ ቱስደይ (የልገሳ ማክሰኞ) ዛሬ በብዙ አገር ይከበራል። ዲሴምበር 5 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1985 የወሰነው ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች ቀን ነው። ከዚያ የዓመት መጨረሻው የገንዘብ ማሰባሰብ ይቀጥላል። ልገሳ ከግብር በሚቀነስባቸውና የግብር ዓመቱ ዲሴምበር 31 በሚዘጋባቸው አገሮች እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ ገንዘብ የሚልክ ሰው አለ።

እንግዲህ በዚህ መሃል ገብቶ «ዌብሳይታችሁን እንደ አዲስ ልሥራላችሁ» ማለት ቤቱ እንግዳ ሞልቶ ሳለ ወለሉን ልቀይር እንደማለት ነው። አንድ ነገር ቢበላሽና የመለገሻው ቁልፍ ለሁለት ሰዓት ባይሠራ፣ በዚያች ሰዓት ሊሰጥ የመጣው ሰው ነገ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል።

በዲሴምበር ትንሽና በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ሥራ ስጡ። ለምሳሌ ስልካችሁን አንሱና ድርጅቱን እንደማያውቅ ሰው ወደ መለገሻ ገጹ ግቡ። ትንሽ ገንዘብ ስጡ። ገጹ ለመከፈት ይጎተታል? ስንት ነገር እንድትሞሉ ይጠይቃል? ደረሰኙ ኢሜይላችሁ ውስጥ ገባ ወይስ ስፓም ውስጥ ተቀበረ? የምስጋናው መልእክት በስማችሁ ነው የመጣው ወይስ «ውድ ለጋሽ» ይላል? ያያችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ላኩላቸው። ይህ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ እኔ ግን በዚያ ሰሞን ከአዲስ ዌብሳይት አብልጬ አየዋለሁ። ትልቁን ሥራ ለጃንዋሪ ወይም ለፌብሩዋሪ ቀጠሮ ያዙለት። ያኔ የበጎ ፈቃደኛው ግርግር ጋብ ይላል፣ እነሱም ተንፈስ ብለው ያዳምጧችኋል።

ሳይጠይቁ መፍትሔ ይዞ መሄድ

ዲዛይነር ሎጎ ያያል፣ ፕሮግራመር አፕ ያያል። ሁላችንም የምናውቀውን ነው የምናየው። ድርጅቱ ግን ከሎጎው ጋር ጸብ ላይኖረው ይችላል። ያ አሮጌ ሎጎ ማህተሙ ላይ፣ ደብዳቤው ላይ፣ መኪናው ላይ አለ፤ መቀየሩ እናንተ የማታዩትን ወጪ ይጎትታል።

«ምን ልርዳችሁ?» ብሎ መጠየቅም ብዙ አያዋጣም። መልሱ «ያገኛችሁትን» ነው፣ ሰው ሊያስቀይም የሚፈልግ የለምና። ይልቅ «ባለፈው ወር ሥራችሁን ከሁሉ በላይ ያጓተተው ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትሰሙት ነገር ብዙ ጊዜ የማያጓጓ ነው። የለጋሾች ዝርዝር ሦስት ፋይል ውስጥ ተበታትኗል፣ ደረሰኝ በእጅ ነው የሚጻፈው፣ የበጎ ፈቃደኞች ተራ በስልክ ነው የሚደለደለው። ለፖርትፎሊዮ አያምርም፣ እውነት ነው። ግን እውነተኛው እርዳታ እዚያ ነው ያለው።

«እረዳችኋለሁ» ብቻ ብሎ መጀመር

ግማሽ ገጽ ይበቃል። ምን እንደምትሠሩ፣ መቼ እንደምትጨርሱ፣ ስንት ጊዜ ማስተካከያ እንደምትቀበሉ፣ የማትሠሩት ምን እንደሆነ ጻፉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አጽዳቂው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ። ሥራ አስኪያጇ ወዳዋለች ብላችሁ ብሮሸሩን ጨርሳችሁ ስታስረክቡ አንድ የቦርድ አባል ከየት መጣ ሳይባል መጥቶ ሁሉንም ከዜሮ ካስጀመረው ልፋታችሁን ውሃ በላው ማለት ነው።

የሰውን መረጃ እንደ ተራ ፋይል ማየት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በቅን ልቦና ትልቅ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው የበዓል ሰላምታ ኢሜይል ነው። ለ400 ለጋሾች መልካም ምኞት ልትልኩ ነው እንበል። አድራሻዎቹን በቢሲሲ (ተቀባዮች እርስ በርስ እንዳይተያዩ በሚያደርገው ሳጥን) ፋንታ «ለ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ከከተታችኋቸው እያንዳንዱ ሰው የሌሎቹን ሁሉ አድራሻ ያያል። አንዴ ከተላከ አይመለስም። ድርጅቱ የሚሠራው ከኤችአይቪ ጋር ከሚኖሩ ወይም ከቤት ውስጥ ጥቃት ካመለጡ ሰዎች ጋር ሲሆንና ዝርዝሩ የእነሱ ሲሆን ደግሞ አስቡት፤ ይህ የሰው ሕይወት ላይ አደጋ መጣል ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሜይ 2018 ጀምሮ የሚሠራው የመረጃ ጥበቃ ደንብ፣ ጂዲፒአር የሚባለው፣ በጎ አድራጎት ድርጅቶችንም ይመለከታል። «በነፃ ነው የሠራሁት» የሚል ሰበብ አያድንም።

ሁለተኛው ኤክሴል ነው። የስልክ ቁጥር ያለበትን ሲኤስቪ ፋይል (ሰንጠረዥን በተራ ጽሑፍ የሚይዝ ፋይል) በድርብ ክሊክ ስትከፍቱት ኤክሴል ተራ ቁጥር ይመስለውና ፊት ላይ ያለውን ዜሮ ቆርጦ ይጥለዋል። ሳታስተውሉ ሴቭ ካደረጋችሁት ዜሮው ከዚያ ፋይል ጠፋ ማለት ነው። ቀንም እንዲሁ ነው፣ 03/04 አንዱ ኮምፒውተር ላይ ማርች 4 ሲሆን ሌላው ላይ ኤፕሪል 3 ይሆናል። ችግሩ የሚታወቀው ከወር በኋላ አንዷ ሠራተኛ ለጋሾች ጋ ስትደውል አንዱም ቁጥር አልሠራ ሲላት ነው። ዋናውን ፋይል በፍጹም አትንኩ፣ በኮፒው ሥሩ፤ ፋይሉን ስታስገቡም የስልኩ ዓምድ ጽሑፍ ነው ብላችሁ ምረጡለት።

ሦስተኛው አዲስ ልማድ ነው። የተረጂዎችን ታሪክ ወይም የለጋሾችን ዝርዝር ኮፒ አድርጎ እንደ ቻትጂፒቲ ላለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ «አሳምርልኝ» ብሎ መስጠት። ያ መረጃ የእናንተ አይደለም። ስምና መለያው መውጣት አለበት፣ ድርጅቱም አውቆ መፍቀድ አለበት። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ላፕቶፓችሁ ላይ የቀረውን ኮፒ አጥፉና ማጥፋታችሁን ንገሯቸው።

የልጆች ፎቶ ላይማ አትደራደሩ። ለበዓሉ ፖስት የሚያምር ፊት ስለተገኘ ብቻ አይለጠፍም። የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ በጽሑፍ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትንኩት።

ቁልፉን ይዞ መሄድ

ዶሜይኑን (የዌብሳይቱን ስም) በራሳችሁ ኢሜይል ታስመዘግባላችሁ፣ በራሳችሁ ካርድ ትከፍላላችሁ፣ ፓስዎርዱ እናንተ ጋ ነው። ለጊዜው ይቀላል። ከዓመት በኋላ ካርዱ ጊዜው ያልፍበታል፣ የማሳሰቢያው ኢሜይል እናንተ በማትከፍቱት ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ አንድ ቀን ጠዋት ዌብሳይቱ የለም። ድርጅቱ የራሱን ስም ለማስመለስ እናንተን ፍለጋ ይወጣል። ስለዚህ ሁሉም አካውንት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በድርጅቱ ስምና በድርጅቱ ኢሜይል ይከፈት። የግለሰብ ሳይሆን የሥራ ኢሜይል ይሁን፣ ሠራተኛም ይለዋወጣልና።

መሣሪያ ስትመርጡም እነሱን አስቡ። ጉግል ሺት የለመደ ቢሮ ውስጥ እናንተ ብቻ የምትችሉትን ሲስተም ተክሎ መሄድ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ሁለት ሳምንት ያየዋል፣ ከዚያ ወደ ድሮው ይመለሳል፣ የእናንተም የእነሱም ድካም መና ይቀራል።

ርክክብ ስታደርጉ ማብራሪያ ጽፎ መላክ ብቻ አይበቃም። ከሚረከበው ሰው ጎን ተቀመጡ፣ ማውሱን ለእሱ ስጡት፣ እጃችሁን ሰብስቡ። ግራ የሚጋባበትን ቦታ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ማብራሪያውን የምትጽፉት ያኔ ነው።

ነፃ ነው ብሎ ለብ ለብ ማድረግ

ለደንበኛ የማትሰጡትን ሥራ ለእነሱም አትስጡ። ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ከሆነ ደግሞ ነፃ መሆኑ ሕጉን አይለውጠውም። ጠበቃም ሐኪምም ፈቃድ ባላገኘበት አገር ሥራውን እሠራለሁ ቢል ችግር ውስጥ ይገባል። የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንሳችሁ የበጎ ፈቃድ ሥራን ይሸፍን እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ ጠበቆች በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ለመሥራት እንዲጥሩ ይመክራል። በዓመት ነው የሚለው፣ በአንድ የበዓል ሳምንት አይደለም። ሌሎቻችንም ሰዓታችንን እንደዚያ ብንዘረጋው ይሻላል እላለሁ።

ስለ ገንዘብ ማፈር

ፎንት (የፊደል ቅርጽ)፣ ፎቶ፣ ሆስቲንግ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ) ዋጋ አለው። ማን እንደሚከፍል በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ። ግብር ላይም የተሳሳተ ተስፋ አትያዙ። በአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ የሰጣችሁት ጊዜ ዋጋ ከግብር አይቀነስም፣ ለሥራው ከኪሳችሁ ያወጣችሁት ወጪ ግን በደረሰኝ ከተያዘና መስፈርቱን ካሟላ ሊቀነስ ይችላል። ሌላው አገር የራሱ ሕግ አለው። አንድ የምወደው ልማድ አለ። ሥራው ሲያልቅ የገበያ ዋጋውን የሚያሳይ ደረሰኝ መሰል ወረቀት አዘጋጅታችሁ፣ ሙሉው ተቀንሷል ብላችሁ ስጧቸው። የተሰጣቸው ነገር ስንት እንደሚያወጣ ያውቃሉ፣ በዓይነት ያገኙትን ድጋፍ ለደጋፊዎቻቸው ሲያስረዱም ይጠቅማቸዋል።

ድምፅ አጥፍቶ መጥፋት

የሥራ ቦታችሁ ይጨናነቃል፣ ቤተሰብ ይመጣል፣ የገባችሁት ቃል ይከብዳችኋል። ያጋጥማል። የሚጎዳው ማቋረጡ ሳይሆን ዝም ማለቱ ነው፤ እነሱ እናንተን ሲጠብቁ ሌላ ሰው ሳይፈልጉ ይቀራሉ፣ ነፃ ነው የሚሠራው ብለውም ለመጨቅጨቅ ያፍራሉ። ስለዚህ እንደማትጨርሱ በገባችሁ ቀን ጻፉላቸው። ረጅም ይቅርታ አያስፈልገውም። እንዲህ ብትሉ ይበቃል፦ «ሥራው እስከ 20 አይደርስልኝም። እስካሁን የሠራሁት በሙሉ በዚህ ፎልደር ውስጥ አለ። የቀረው የመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾችና የፎቶዎቹ መግለጫ ነው። ሌላ ሰው ከተገኘ ሐሙስ ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል ቁጭ ብዬ አስረዳዋለሁ።»