ከሆርሞን ኪኒን ወደ ተለጣፊው ለመዛወር

ደሴ ውስጥ የማረጥ ሆርሞኗን ከኪኒን ቆዳ ላይ ወደሚደረግ ተለጣፊ ልትቀይር ያሰበች ሴት ገና ነገሩን ሳትጨርስ «ያከሳል እንዴ?» ትባላለች። አያከሳም፤ አያወፍርምም። በዚህ ዕድሜ ስቡ ሆድ ላይ የሚሰፍረው ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ስለሚቀንስ፣ ጡንቻ ስለሚሳሳና እንቅልፍ ስለሚጎድል ነው። ቦርጭ ለማጥፋት ብለሽ ከሆነ የምትቀይሪው፣ እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዢ።

የክብደት ነገር የሚነሣው በሌላ በኩል ነው። የሚዋጠው ኤስትሮጅን ወደ ሰውነት ከመሠራጨቱ በፊት በጉበት ያልፋል። ያን ጊዜ ጉበት ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን አብዝቶ ይሠራል፤ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብም ሊጨምር ይችላል። ውፍረት ለብቻውም ለደም መርጋት ያጋልጣልና ሁለቱ ሲደመሩ ያሰጋል። በቆዳ የሚገባው ጉበትን አስቀድሞ ስለማያገኘው ወፈር ላልን ሴቶች ይመረጣል። ሐኪሜም የደም ምርመራዬን አይታ ያዘዘችልኝ ለዚሁ ነው። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ፣ የጉበት ሕመም ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም መፍሰስ ያጋጠማት ሴት ግን ኪኒንም ሆነ ተለጣፊ ከማሰቧ በፊት ይህንኑ ለሐኪሟ ትንገር።

ኪኒኑን ከማቆምሽ በፊት የሦስት ወር ተለጣፊ በእጅሽ ይኑር። በየፋርማሲው የሚገኝ ዕቃ አይደለም፤ የኔን የእህቴ ልጅ ከጅዳ ትልክልኛለች። ከነካርቶኑና ከነመመሪያው ይምጣ፤ ስሙን፣ መጠኑንና የሚያበቃበትን ቀን ሐኪም ወይም የፋርማሲ ባለሙያ ትይልሽ። ሙቀት ያበላሸዋልና ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይቆይ።

መጠኑን የምትወስነው ሐኪሟ ናት። ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊ ግራም የኢስትራዲዮል (የኤስትሮጅን ዓይነት ነው) ኪኒን ከ25 እስከ 50 ማይክሮ ግራም ባለው ተለጣፊ ይተካል። በየቀኑ ያለማቋረጥ የምትውጭ ከሆነ የመጨረሻውን ኪኒን በወሰድሽ ማግስት ትለጥፊያለሽ። አንድ ነገር አጥብቀሽ ጠይቂ፦ ኪኒንሽ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሌላ ሆርሞን አንድ ላይ የያዘ ከነበረ፣ አዲሱ ተለጣፊ ደግሞ ኤስትሮጅን ብቻ ከሆነ፣ ማኅፀን ያላት ሴት ፕሮጄስትሮኑን ለብቻው መውሰድ አለባት። ያለዚያ የማኅፀን ውስጠኛው ግድግዳ እየወፈረ ይሄድና ለካንሰር ያጋልጣል። እኔ ፕሮጄስትሮኑን ማታ እውጠዋለሁ፤ እንቅልፍ ያመጣል፣ እሰየው።

የኔ ዓይነቱ በሳምንት ሁለቴ ይቀየራል። ሰኞና ሐሙስ አድርጌዋለሁ፤ የሱና ጾም የምትጾመው ጎረቤቴ ሳትፈልግም ታስታውሰኛለች። ቦታው ከወገብ በታች፣ መቀመጫ ወይም የታችኛው ሆድ ነው፤ ጡት ላይ በፍጹም አይለጠፍም። ቦታውን እያፈራረቅሽ፣ ንጹሕና ደረቅ ቆዳ ላይ አድርገሽ በመዳፍሽ አሥር እስክትቆጥሪ ተጫኚው። የፋርማሲዋ ልጅ «እትዬ፣ ቅባት የነካው ቆዳ ላይ አይያዝም» ያለችኝ ትክክል ነው።

እዚህ ላይ የኛ የወሎ ሴቶች ጉዳይ ይመጣል፤ ወይባ። ተለጣፊው እንዳለ ወይባ መሞቅ አይሆንም። ሙቀቱ መድኃኒቱን ከሚገባው በላይ ያስወጣዋል፣ ላቡና ቅባቱ ደግሞ ጠርዙን ይልጠዋል። ወይባውን ተለጣፊው በሚቀየርበት ቀን አድርጊው። አሮጌውን አንሥተሽ ሙቂ፣ ቅባቱን በሳሙና ታጠቢ፣ ቆዳሽ ቀዝቅዞ ሲደርቅ አዲሱን ለጥፊ። ወይባ ከነጭራሹ ይቅር የሚለኝ ሰው አልሰማም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡት ሊያምሽ፣ ሆድሽም ሊነፋ ይችላል፤ ሚዛኑ ከፍ ቢል በአብዛኛው ውኃ ነው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጠዋት ብቻ ተመዘኚ፣ ወገብሽን በልብስ ሰፊ ሜትር በእምብርት ትይዩ ለኪ። በዚያው ሰሞን ከባድ የምግብ ቅነሳ አትጀምሪ፤ ድካሙም እንቅልፍ ማጣቱም ከየትኛው እንደመጣ አታውቂም። ቡናውን ግን ተመልከቺ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያንዳንዱ በሁለት ማንኪያ ስኳር ሲጠጣ ስድስት ማንኪያ ነው፤ ዱዓው ያለ ስኳርም ይደርሳል። እንጀራውን አልተውሁም፤ አሳንሼ ምስሩንና ሽሮውን አበዛሁ። ጡንቻ እንዳይሳሳ በየዕለቱ ከመራመድ ሌላ ክብደት ማንሣት ያስፈልጋል፤ ደሴ ዳገት አታጣም፣ ውኃ የሞላ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካንም ይበቃል።

የማረጡ ወላፈንና ላብ መለስ ማለቱን ለመፍረድ እስከ ሦስት ወር ጠብቂ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠብ ጠብ የሚል ደም ሊታይ ይችላል፤ ከበዛ፣ ከስድስት ወር ካለፈ ወይም ቆሞ እንደገና ከመጣ ወደ ሐኪም ነው። አንድ ባት ብቻ አብጦ ካመመ፣ ደረት ከወጋ ወይም ትንፋሽ ካጠረ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ።

ሙጫው ቆዳሽን የሚያቀላና የሚያሳክክ ከሆነ የኤስትሮጅን ጄል ጠይቂ። ክንድ ወይም ጭን ላይ ተቀብቶ ይደርቃል፤ እጅሽን ታጠቢ፣ የተቀባውንም በልብስ ሳትሸፍኚ የልጅ ልጅሽን አትቀፊ።