ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ለምን ይደክማል?

ብሬከር ወርዶ እንደሆነ፣ አምፖሉ ላልቶ እንደሆነ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቶ እንደሆነ አይታችኋል ብዬ ልለፍ።

አምፖሉ ገና ሲበራ ቱፍ ብሎ ይቃጠላል፦ የድሮው ባለክር ከሆነ አይግረማችሁ። ክሩ ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ (ከረንትን የመከልከል አቅሙ) በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ ሲበራ ለቅጽበት ብዙ ከረንት ይስባል። የሳሳ ክር እዚያው ይበጠሳል። ቀይሩት።

ኤልኢዱ ጠፍቶም ጭል ጭል ይላል፦ ብዙ ጊዜ ማብሪያው ፌዙን (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ) ትቶ ኒውትራሉን (መላሹን ሽቦ) እየቆረጠ ነው። እንዲህ ከሆነ ማብሪያው ጠፍቶም መያዣው ላይ ፌዝ አለ። በእጃችሁ እንዳትነኩት።

ሁለት አምፖል በአንድ ማብሪያ፣ ሁለቱም ፈዘዋል፦ በሲሪስ (አንዱ ከሌላው ተከትሎ) ተያይዘው 220 ቮልቱን እየተካፈሉ ነው። አንዱ ባለ 60፣ ሌላው ባለ 100 ዋት ባለክር ከሆነ ደግሞ ባለ 60ው ይበልጥ ይደምቃል። የባለ 100ው ሬዚስታንስ ወደ 484 ኦም፣ የባለ 60ው ወደ 807 ኦም ነው። በሲሪስ ከረንቱ አንድ ስለሆነ፣ ሬዚስታንሱ የበዛው ብዙ ዋት ይወስዳል። በፓራለል አያይዟቸው፤ እያንዳንዱ ለየብቻው ሙሉውን 220 ያግኝ።

ምጣድ ሲሰካ የቤቱ መብራት ይደክማል፦ ይሄ ነው ድሬ ውስጥ ከሳቢያን እስከ ከዚራ የሚያመላልሰኝ። ሁሉም የሚጠይቀኝ ደግሞ አንድ ነው፦ «አቦ፣ ደህና አምፖል አምጣልን!» አምፖሉ ምንም አልሆነም። የሆነ ቦታ መጋጠሚያ ላልቷል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 3,500 ዋት ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይስባል። የላላው መጋጠሚያ 1 ኦም ቢኖረው እዚያ ላይ ወደ 16 ቮልት ይቀራል፤ ለመብራቱ የሚተርፈው 204 ቮልት ገደማ ነው። የባሰው ሙቀቱ ነው። ከረንቱን በራሱ አባዙት፣ ከዚያ በሬዚስታንሱ፦ 250 ዋት ገደማ በአንዲት የሽቦ ቋጠሮ ላይ! አምፖል ብቻውን ሲበራ ከረንቱ ከግማሽ አምፔር በታች ስለሆነ ምንም አይታይም። ለዚህ ነው ጉዳዩ እንጀራ እስኪጋገር ተደብቆ የሚቆየው።

ሳቢያን አንድ ቤት እናትየው አምፖል ሲቀያይሩ ከርመው ጠሩኝ። ከኩሽናው በር በላይ ያለውን ስካቶላ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን) ስከፍተው ናስትሮው (የሽቦ ፕላስተሩ) ቀልጦ ግድግዳው ላይ ተጣብቋል፤ ሽቦዎቹ በጣት ብቻ ተጠምዝዘዋል፤ አንደኛው መዳብ፣ ሌላው አልሙኒየም! «ልጄ፣ ሽታው ከጎረቤት መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ከዚራ ደግሞ ላዩ ላይ 2.5 (የመዳቡ ውፍረት በካሬ ሚሊሜትር ነው) የሚል ሽቦ ገጥሞኛል፤ ላስቲኩን ስልጠው ውስጡ 1.5 እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ሽቦ የሚሸጥ ሰው እንዴት እንቅልፍ እንደሚወስደው አላውቅም።

ምጣዱን ሰክታችሁ ቮልቱን መጀመሪያ ብሬከሩ ጋ፣ ከዚያ ሶኬቱ ጋ ለኩ። ብሬከሩ ጋ ደህና ሆኖ ሶኬቱ ጋ ከወረደ ችግሩ በመሀል ነው። ብሬከሩ ጋም ከወረደ ቆጣሪው ወይም የውጩ መስመር ነውና ለመብራት ኃይል ደውሉ፤ ቆጣሪ አትክፈቱ። የቤቱን ግን ዋናውን አጥፍታችሁ፣ በቴስተር አረጋግጣችሁ፣ የጠቆረውን ሽቦ የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪመጣ ቁረጡ። በብሎን በሚጠብቅ ማገናኛ እሰሩት። ናስትሮ መሸፈኛ እንጂ ማሰሪያ አይደለም። ለምጣዱ ከብሬከር የሚነሳ የራሱ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር መስመር ቢኖረው ደግሞ ትገላገላላችሁ። ብሬከሩ ወረደ ብላችሁ በትልቅ አትቀይሩት። ምጣድ በኤክስቴንሽን አትስኩ። አትስኩ!

ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ከደመቀስ? ብዙም አይገጥምም፤ ከገጠመ ግን ኒውትራል ተበጥሷል ወይም ላልቷል። ቮልቱ በአንዱ ፌዝ ወርዶ በሌላው ከ300 በላይ ሊወጣ ይችላል። ዋናውን ወዲያው አጥፉ፣ ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን ንቀሉ፣ ደውሉ። ተሠርቶ ቮልቱ እስኪለካ ድረስ «ቬንቲሌተሩን ብቻ» ብላችሁ እንዳትመልሱት።