ሣር ማጨጃው ሮቦት ሲያስቸግር

ሮቦቱ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ይውላል፤ ግቢው ግን የሰው እጅ የነካው አይመስልም። ያኔ "ማሽኑ ተበላሸ" ማለት ይቀናናል። እኔም ስንቴ ብያለሁ። ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ወይ የምላጩ ነው፣ ወይ የግቢው።

ከመነካካታችሁ በፊት ሙሉ በሙሉ አጥፉት። ጓንትም አትርሱ፤ ምላጮቹ ጣት አይምሩም።

የሣሩ ጫፍ ነጣ ወይም ቡናማ ሆነ

ብዙ ሰው ውሃ ያነሰው መስሎት ማጠጣት ይጀምራል። እስቲ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ቀንጥሳችሁ ጫፏን እዩ። ልክ በመቀስ እንደተቆረጠች ቀጥ ያለች ከሆነ ምላጩ ደህና ነው። ጫፏ እንዳለቀ ገመድ ከተንጨባረረ ግን ምላጩ ደንዟል። ሣሩን እየቦጨቀው ነው ማለት ነው።

የብዙዎቹ ሮቦቶች ምላጭ የጢም ምላጭ የምታክል ትንሽ ነገር ናት። ሦስት ሆነው በሚሽከረከር ክብ ሳህን ላይ በብሎን ይታሰራሉ። ግን ጥብቅ ብለው አይደለም፤ ወዲያ ወዲህ መወዛወዝ አለባቸው። ድንጋይ ሲያጋጥማቸው ወደ ውስጥ የሚታጠፉት ለዚህ ነው። የሣር ጭማቂ ደርቆ ካጣበቃቸው መወዛወዙ ይቀራል፣ አቆራረጡም ይበላሻል። በብሩሽ ጥረጉና ገፋ አድርጋችሁ ሞክሯቸው።

ምላጩ በሁለቱም ጎን ስለት ካለው ገልብጦ ማሰር ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን መቀየር ነው። እንደ ግቢው ሁኔታ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ያገለግላሉ። ስትቀይሩ ሦስቱንም ከነብሎናቸው ቀይሩ። አንዱን ብቻ አዲስ ብታደርጉ ሳህኑ ሚዛኑን ስቶ ይንቀጠቀጣል።

እዚህ ታጭዶ እዚያ ቀረ

ብዙ ሮቦቶች መስመር ይዘው አይሄዱም፤ ጠርዝ ሲነኩ በዘፈቀደ ይዞራሉ። ሰፊው ሜዳ ደጋግሞ ይደርሰዋል። በጠባብ መተላለፊያ የሚገባበት ጓሮ ግን ዕድሉን ይጠብቃል። አፑ ላይ ጓሮውን እንደ ሌላ መነሻ ቦታ መዝግቡለት።

ሣሩ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ካደገ ደግሞ ሮቦቱን አትውቀሱት። ሥራው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መከርከም እንጂ ጫካ መመንጠር አይደለም። አንዴ በተለመደው ማጨጃ አሳጥሩለት።

በሳተላይት የሚመራ ከሆነ ትልቅ ዛፍ ሥር ወይም ከፍ ያለ ግንብ አጠገብ መንገዱ ይጠፋበታል። ግቢው ውስጥ የሚተከል አንቴና ካለው ሰማይ በደንብ የሚታይበት ቦታ ላይ መሆኑን አረጋግጡ።

"ምልክት የለም" ብሎ ቆመ

ይህ መሬት ውስጥ የድንበር ሽቦ፣ ማለትም የሚያጭድበትን ወሰን የሚያሳየው ሽቦ፣ ለተቀበረለት ሮቦት ነው። መጀመሪያ የሽቦው ሁለት ጫፎች ቻርጅ ማድረጊያው ላይ በትክክል መሰካታቸውን እዩ። ከተሰኩ አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው የሆነ ቦታ ተቆርጧል። እዚህ ላይ ጥያቄው አንድ ነው፦ በቅርቡ ግቢው ውስጥ የቆፈረው ማን ነው?

እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ሽቦውን ስከተል ከርሜ የተቆረጠው ራሴ ጽጌረዳ የተከልኩበት ጉድጓድ ውስጥ ተገኘ። አካፋዬ ነበር። ጠምዝዤ በፕላስተር ጠቀለልኩትና ተገላገልኩ አልኩ። ዝናብ ሲመጣ እርጥበት ገባበት፣ ሽቦው ዛገ፣ ሮቦቱም ዳግመኛ ቆመ። ውሃ የማያስገባ፣ ውስጡ ቅባት ያለው የሽቦ ማገናኛ አለ፤ ከመጀመሪያው እሱን ተጠቀሙ።

ዳገት ላይ ይንሸራተታል

ጭቃ የጎማውን ጥርስ ሞልቶታል። ጥረጉት፣ ሣሩ ሲደርቅም ሥራ አስጀምሩት። ያም ሆኖ ካልወጣ ዳገቱ ከአቅሙ በላይ ነው።

ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያው ላይ ተቀምጦ ቻርጅ አያደርግም

የሮቦቱና የጣቢያው የሚነካኩት ብረቶች ቆሽሸዋል ወይም ዝገዋል። ጣቢያውን ከሶኬት ንቀሉና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ ፈግፍጓቸው። እየሞላ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ ግን ባትሪው አርጅቷል።