ፒኤስ ፋይቩ «ተበላሸ» ከማለታችሁ በፊት

ሶኬት፣ ገመድና አቧራ ማየቱን ታውቁታላችሁ ብዬ ልዝለለው። ስታዲየም አካባቢ ባለችው ጠባብ ሱቄ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ሳይበላሽ ተበላሸ የተባለ የጌም እቃ፣ በተለይ ፒኤስ ፋይቭ (ፕሌይስቴሽን 5) ነው።

ምልክት፦ ጨዋታው ይጎተታል፣ ጆይስቲኩ ዘግይቶ ይታዘዛል፣ ካሜራው ሲዞር ምስሉ ይዘላል። ማራገቢያው ግን አይጮህም፣ እቃውም አይጠፋም።

ምክንያት፦ አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታው ኳሊቲ ወይም ፊደሊቲ ሞድ (ለምስል ውበት የሚያደላው) ላይ ሆኖ ሬይ ትሬሲንግ በርቷል። ይህ የብርሃኑን ጨረር ተከትሎ ከምን ነጥሮ የት እንደሚያርፍ የማስላት ዘዴ ነው። ኩሬ ላይ ሕንፃው፣ መስታወት ላይ መንገዱ ሲታይ ያምራል፤ በሰከንድ 60 ምስል ይሠራ የነበረው እቃ ግን ብዙ ጊዜ ወደ 30 ይወርዳል። በ16.7 ሚሊሰከንድ ይመጣ የነበረው ምስል 33.3 ይፈጅበታል። ጣታችሁ «ከበደኝ» የሚለው ይህንን ነው።

በ2020 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ) የወጣው የፒኤስ ፋይቭ ቺፕ ጨረሩ ከምን ጋር እንደተጋጨ የሚፈትሽ ክፍል አለው። የት የት መፈለግ እንዳለበት ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ የመውረዱ ሥራ ግን የወደቀው ምስሉን በሚቀቡት ሼደሮች ላይ ነው፤ ግንበኛውን ቀለምም ቀባ እንደማለት። ከ2018 ጀምሮ የወጡት የኤንቪዲያ አርቲኤክስ የኮምፒውተር ምስል ካርዶች ለዚህም የራሱ ክፍል አላቸው። ስለዚህ ኮንሶል (እንደ ፒኤስ ፋይቭ ያለ የጌም ማጫወቻ) ላይ ጨዋታ ሠሪዎቹ ይቆጥባሉ፤ አንዱ ነጸብራቅ ብቻ፣ ሌላው ጥላ ብቻ ይመርጣል። ስፓይደር ማን ማይልስ ሞራሌስ የተባለው ጨዋታ ሲወጣ ሬይ ትሬሲንጉ በ30 ብቻ ነበር። ቆይቶ በ60 የሚሄድ ሞድ ሲጨመርለት ረዞሉሽኑ (የምስሉ ጥራት) ተቀነሰ።

መፍትሄ፦ ሴቲንግስ፣ ሴቭድ ዳታ ኤንድ ጌም አፕ ሴቲንግስ፣ ጌም ፕሪሴትስ፣ ፐርፎርማንስ ሞድ (ለፍጥነት የሚያደላው)። ይህን የማይሰማ ጨዋታ ካለ ውስጡ ገብታችሁ ቀይሩ። ቴሌቪዥኑንም ጌም ሞድ ላይ አድርጉት። በቃ፣ ይህን ለመሥራት ካካቪቴ አያስፈልግም!

አንድ የጌም ቤት ባለቤት «ጋሼ፣ አራት አሉኝ፣ ሦስቱ ደህና ናቸው፣ ይቺ ግን ስታክ ታደርጋለች» ብሎ ተሸክሞ መጣ። አንዱ ልጅ ሲነካካ ፊደሊቲ ላይ ጥሏት ሄዷል። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ የታክሲውን ሂሳብ ግን አሳዘነኝ።

እሱስ ዕድለኛ ነው። ሌላው ልጅ በዚሁ ምልክት መጀመሪያ የሄደው ሌላ ቦታ ነበር። «ሙቀት ነው» ብለው ከፈቱለት፣ ቺፑ ላይ ያለውን ሙቀት አስተላላፊ ፈሳሽ ብረት በሶፍት ጠርገው በምትኩ ርካሽ ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ቀቡለት። እኔ ዘንድ ሲደርስ አሥር ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል፤ ቦርዱ ላይም ጠብታ ፈስሷል። ይህ ፈሳሽ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አሉሚኒየምም ይበላል። አትክፈቱ። ለማያውቀውም አታስከፍቱ። «ለማጽዳት ብቻ ነው» ሲሏችሁም ሂትሲንኩን (ቺፑን የሚያቀዘቅዘውን ብረት) እንዳያነሱት ቆማችሁ እዩ። ያ ልጅ መጀመሪያ የነበረበት ችግር የሞድ ብቻ ነበር!

ምልክት፦ ይጮሃል፣ ከዚያ ይጠፋል። ይሄኛው እውነትም ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው ብዙ ይለፋል። በዳንቴል የምትሸፍኑትማ ምን ልበላችሁ።

ምልክት፦ ፒኤስ ፎር ላይ ግድግዳው ጭቃ መስሎ ቆይቶ ይጠራል። የ2013 እቃ ነው፣ ዲስኩ የሚሽከረከርና ለማንበብ የሚዘገይ። ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ማስቀመጫ) ሲገባለት ይሻለዋል። ሆኖም የአሁኖቹ ጨዋታዎች የተሠሩት በሰከንድ 5.5 ጊጋባይት የሚያነበውን ፒኤስ ፋይቭ ታሳቢ አድርገው ነውና ተአምር አትጠብቁ። ሽፋኑ 1 ቴራ የሚል፣ ግማሹ ሲሞላ ፋይል የሚበላ ርካሽ ኤስኤስዲም አታምጡብኝ፤ አልገጥምም።

ምልክት፦ ኮምፒውተር ላይ አዲሱ ጨዋታ ጭራሽ አልከፍትም ይላል፤ ካርዱ ጂቲኤክስ 1080 ነው። ካርዱ አልሞተም፤ የሬይ ትሬሲንግ ክፍል ስለሌለው ነው። ፒኤስ ፎር ገበያውን በያዘበት ዘመን ሠሪዎቹ ያለ ሬይ ትሬሲንግ የሚሠራ ብርሃን የግድ ማዘጋጀት ነበረባቸው። አሁን ትንሹ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ እንኳ ይህ ክፍል ስላለው አንዳንዶቹ ድካሙን ትተውታል። በ2024 የወጣው ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ግሬት ሰርክል ኮምፒውተር ላይ ሬይ ትሬሲንግ ያለው ካርድ ግድ ይላል፤ ኮንሶል ላይ ደግሞ ብርሃኑን በዚያው ዘዴ እየሠራ በ60 ይሄዳል። እዚህ የሚጠፋ ቁልፍ የለም። ድራይቨር ብትጭኑ፣ ፎርማት ብታደርጉ ለውጥ የለውም፤ ካርድ መቀየር ብቻ ነው።

ምልክት፦ መብራቱ ይበራል፣ ምስል የለም። ብዙ ጊዜ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው (የቴሌቪዥኑ ገመድ የሚሰካበት) ተሰብሮ ነው። ይበየዳል፣ አምጡት።