ኮምቦልቻ ላይ የግቢ ኮንክሪት እንዳይሰነጠቅ ያደረግነው

የግቢያችን ኮንክሪት በተሞላ ማግስት ተሰነጣጠቀ። ሰው ሁሉ «ሲሚንቶው ነው» አለ። ሲሚንቶው ምንም አልነበረበትም። የተሞላው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ የላዩን ውሃ መጠጡት፣ ሳይጠነክር ተኮማተረ። ደሴ ከፍ ስለምትል ቀዝቀዝ ትላለች፤ እዚህ ታች ግን በጋው አይምርም።

አስፈርሼ በሌላ ግንበኛ አስሞላሁት። ጎህ ሲቀድ ተጀመረ። መሬቱን ቀድመን አራስነው፣ ውሃ ሳይቋጥር። ልጆቹ «ውሃ ጨምርበት፣ ይቅጠን» ሲሉ ግንበኛው እምቢ አለ። ልክ ነው፤ ትርፍ ውሃ ጥንካሬውን ይበላል።

ውፍረቱ 10 ሳንቲሜትር ስለሆነ በየ2.5 ሜትሩ 2.5 ሳንቲሜትር የጠለቀ መስመር ወጣለት። መሰንጠቁ ካልቀረ እዚያው ይሰንጠቅ!

ዋናው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በጣት ሲነኩት ምልክት መያዝ ሲያቆም እርጥብ ጆንያ አለበስነው፣ ከላይ ላስቲክ፣ ዳርዳሩን ድንጋይ። ጆንያው ለ7 ቀን መድረቅ የለበትም። ጠዋት ማታ ሳጠጣ ያዩኝ ጎረቤታችን እትዬ «አንተ፣ ጎመን ተክለሃል እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ውሃ በጠፋ ቀን ላስቲኩ እርጥበቱን ያዘልን።

የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካው በ28 ቀኑ ስለሆነ ባጃጇን እስከዚያ ውጭ ነው ያሳደርናት።