ልጅ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ፦ የጀርባ ውሃ የሚወሰደው ለየትኛው ነው?

«ልጅ አንቀጠቀጠው» ተብሎ ሲመጣ መጀመሪያ ልጁን አያለሁ፣ ቀጥሎ የእናቱን ፌስታል። ፌስታሉን ያስለመደኝ ከመንዝ በኩል የመጣ የ10 ወር ልጅ ነው። መንቀጥቀጡ ቆሟል፣ አንገቱ እንደ ልብ ይታጠፋል፣ ጡት ይጠባል። ልንሸኘው ስንል ከፌስታሉ ግማሹ የተጠጣ የአሞክሳሲሊን (የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት) ሽሮፕ ብቅ አለ፤ ሦስት ቀን ስትሰጠው ኖሯል። የጀርባ ውሃው (አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የከበበው ፈሳሽ) ከወገቡ በመርፌ ሲወሰድ እንደ አጓት ደፍርሶ ወረደ። ማጅራት ገትር ነበር፤ ሽሮፑ ምልክቱን ሸፍኖት።

ገና እየተንቀጠቀጠ ከደረሰ በጎኑ አስተኙት። ማንኪያ አፉ ውስጥ አይግባ፣ ክብሪትም አይጫርበት። 5 ደቂቃ ካለፈው መንቀጥቀጡን የሚያቆመው ዳያዜፓም በፊንጢጣ ይሰጠው። የደም ስኳሩን ለኩ፤ ከሸዋ ሮቢት ቆላ ከመጣ ወባም ይታይ።

ሁሉም አይወጋም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ፣ መላ አካሉ አንዴ ብቻ ከ15 ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ተንቀጥቅጦ ነቅቶ የሚጫወት፣ ክትባቱም የተሟላ ልጅ የትኩሳቱ ምንጭ ይፈለግለት፤ ጆሮው፣ ጉሮሮው፣ ሽንቱ።

አንገቱ ከደረቀ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ ወይም ልጁ ከደነዘዘ ግን የጀርባ ውሃው ይወሰድ። ከ6 እስከ 12 ወር ሆኖ የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባቱ ከጎደለ ወይም ካርዱ ከሌለ፣ ወይም ልጁ ፀረ ባክቴሪያ ጀምሮ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትነግሩ አትሸኙ። ከ6 ወር በታች ያለውንማ «የትኩሳት ነው» ብሎ መተው የለም። ከዓመት በታች አንገት አለመድረቁን አትመኑት።

ራሱን ስቶ፣ የዓይኑ ብሌኖች ተበላልጠው ወይም ትንፋሹ ተዛብቶ ከሆነ የጀርባው መርፌ ይቆይ፤ ፀረ ባክቴሪያው ሴፍትሪያክሶን ግን አይቆይ።

ሐኪሙ ይወጋል፣ እኔ እይዛለሁ፤ ግማሹ ሥራ መያዙ ነው። በጎኑ አስተኝቼ ጉልበቱን ወደ ሆዱ አጥፋለሁ። አገጩን አጥብቃችሁ አትጫኑ፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ዓይናችሁ ከንፈሩ ላይ ይሁን። እናቲቱ «አይ ሲስተር፣ ሽባ ልታደርጉብኝ ነው!» ማለቷ አይቀርም። ወገቧን አስነክቼ አሳያታለሁ፦ «እህቴ፣ መርፌው እዚህ፣ ከዳሌሽ አጥንት ጫፍ ትይዩ ነው፤ ህብለ ሰረሰሩ ከዚህ በላይ አልቋል።»

ውሃው ወዲያው ላቦራቶሪ ይድረስ። ፍሪጅ ውስጥ አይግባ፤ በደብረ ብርሃን ሌሊት መስኮት ጫፍ ላይ ማኖርም ያው ፍሪጅ ነው።